ከሻገተ እንጀራ የሚወጣ ነዳጅ፦ እርሾው ቀላል ነው፣ ከባዱ እሳቱ ነው

(በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር ለነዋሪዎችና ለወጣት ማኅበራት ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ዕድር የሚኬድበት ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ከምግብ ትራፊ ነዳጅ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ አይታችሁታል። አንዱ የበሰበሰ ሙዝ በርሜል ውስጥ ይከታል፣ እርሾ ይነሰንሳል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ከዚያ ሞተር ሲነሳ ታያላችሁ። ውሸት አይደለም። ግን ዋናው ነገር ያለው የተቆረጠው ቦታ ላይ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብን፣ ዛሬ የተቆረጠውን እናያለን።

ሃሳቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ የማይስማማ ካለ እየሰማ ይዘጋጅ። እርሾው ቀላል ነው። ከባዱ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ትራፊውን ለይቶ መሰብሰብ፣ ሌላው አልኮሉን ከውሃው የሚለየው እሳት። እነዚህን ያልፈታ ሰው ነዳጅ እየሠራ አይደለም፤ ማገዶ እየጨረሰ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አረቄ የምታወጡ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትፍሩ፣ ስም አልጠራም። እናንተ ይህን ትምህርት ግማሹን ጨርሳችሁታል። ጌሾና ብቅል አድርጋችሁ ትጠነስሳላችሁ። ጥንስሱ ሲደርስ ቂጣ ጋግራችሁ፣ ቆራርሳችሁ ትጨምራላችሁ። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ በርሜል ወይም ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ከሥሩ ታነዳላችሁ፣ እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረው ዕቃ ይጠራቀማል። እሱን መልሳችሁ ብታወጡት ዳግም አረቄ ይሆናል። አረቄው ውስጥ ያለው አልኮል ስሙ ኤታኖል ነው፤ የኤታኖል ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በቂጣው ፋንታ ትራፊ እንጀራና ዳቦ ብናስገባ፣ እርሾው ልዩነቱን አያውቅም።

እርሾው የሚሠራውን በቁጥር ላስቀምጥ፣ ለተማሪዎቹ። 180 ግራም ግሉኮስ ስጡት፤ በልቶ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ግማሹ ነዳጅ፣ ግማሹ አየር ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ጣሪያው ነው። የትኛውም ጎበዝ ሰው፣ የትኛውም ከውጭ የመጣ እርሾ ከዚህ አያልፍም። "ከአንድ ኪሎ ትራፊ አንድ ሊትር ነዳጅ" የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ሌላው፣ እርሾ አየር ሲያገኝ ስኳሩን አልኮል ከማድረግ ይልቅ ራሱን ማብዛት ይመርጣል። ይህን ያየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አየር ያግኝ፣ ይባዛ፤ ከዚያ ይዘጋበት። ጠላ ጠማቂዎቻችን ጋኑን የሚመርጉት እንዲሁ ለወግ አይደለም።

አሁን ወደ ትራፊው። በፈረንጅ አገር የምግብ ብክነት ሲባል ሱፐርማርኬት የጣለው፣ ቀኑ ያለፈበት ምግብ ነው የሚታሰበው። የኛ እንደዛ አይደለም። እዚህ ከተማ ምግብ ዝም ብሎ ቆሻሻ አይሆንም። የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ከሆቴልና ከትልልቅ ካፌዎች የሚወጣው ቡሌ ሆኖ ይሸጣል፤ በዚያ የሚያድር ሰው አለ። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ እዚሁ ቂሊንጦ ካለው ጭምር፣ ለወተት ላሞች ይጫናል። አተላም እንደዛው። ሰው ከሚበላው፣ ከብት ከሚበላው ላይ ወስዶ ነዳጅ ማድረግ ሥራ ፈጠራ አይባልም። ወጣቶቹ ይህን በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ የፕሮጀክት ሃሳብ ስትጽፉ "ነጻ ጥሬ ዕቃ" እያላችሁ የምትጽፉት ነገር የሰው እራት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይቀራል? የሻገተው። ዳቦ ቤት ተቃጥሎ ወይም ተበላሽቶ የሚጣለው። የጭማቂ ቤት ልጣጭና የተበላሸ ፍሬ። ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለው አትክልት ተራ በየቀኑ የሚጥለው የፈረጠ ማንጎና የጠቆረ ሙዝ። የድግስ ማግስት ትራፊ፣ ሙቀት መትቶት የተበላሸው። ይህ አይበላም፣ ለከብትም አይሰጥም። አሁን የሚሄደው ወደ ቆሼ ነው።

ስለ ቆሼ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። እዚያው ረጲ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል። ነገር ግን የኛ ከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። የሚበሰብስ ነገር እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ ማገዶ ስታነዱ የምታውቁት ነው፣ ራሱን እስኪያደርቅ የሌላውን ሙቀት ይበላል። ስለዚህ እርጥቡን ከምንጩ መለየት ለማቃጠያውም ይጠቅማል፣ ለክምሩም ይጠቅማል፣ ለኛም ይጠቅማል።

መለየት ስል ደረቅና እርጥብ ብቻ ማለቴ አይደለም። ለእርሾ ሁሉም ትራፊ እኩል አይደለም። አብረን እናስላ።

አሥር ኪሎ ትራፊ እንጀራ ውሰዱ። 60 በመቶው ገደማ ውሃ ነው። 4 ኪሎ ደረቅ ነገር ይቀራል። ከዚያ 70 በመቶውን ስታርች፣ ማለትም የእህሉ ዱቄታማ ክፍል፣ ብለን ብንይዝ 2.8 ኪሎ ነው። ስታርቹ ወደ ስኳር ሲሰበር ውሃ ስለሚጨምር ትንሽ ይከብዳል፣ 3.1 ኪሎ ይሆናል። እርሾው ሙሉ በሙሉ ቢሠራ 2 ሊትር አልኮል ይወጣዋል። በተግባር 80 በመቶውን ብታገኙ ጎበዞች ናችሁ፤ 1.6 ሊትር።

ዳቦ ይሻላል፤ ውሃው ያነሰ ነው። የበሰለ ማንጎ ከመቶ 13 ወይም 14 እጁ ስኳር ስለሆነ ከአሥር ኪሎ ሥጋው ቢበዛ 0.9 ሊትር ገደማ ታገኛላችሁ። ልጣጩና ፍሬው ሲቀላቀል ይቀንሳል። ጎመንስ? ከአሥር ኪሎ ጎመን አንድ ስኒ ሁለት ስኒ። አይለፋበትም። አቮካዶ ጨርሶ አይሆንም፤ ያለው ዘይት እንጂ ስኳር አይደለም። የጭማቂ ቤት ትራፊ የምትሰበስቡ ልጆች ባለቤቱን ለምኑት፣ የአቮካዶውን ለብቻ ያስቀምጥላችሁ።

ወጥ የነካውስ? ጨው ሲበዛ እርሾው ይጨነቃል። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሲፈላ ይገነፍላል፣ ቱቦ ይደፍናል። ሽሮ የነካውን እንጀራ ማጠብ ደግሞ ስታርቹንም ማጠብ ነው። የወጥ ትራፊ ሌላ ቦታ አለው፣ እደርስበታለሁ።

እሺ፣ እጃችን ላይ የሻገተ እንጀራና የደረቀ ዳቦ አለ። እንዴት ነው የሚሠራው? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። የዳቦ እርሾ ስታርች አይበላም። ስኳር ነው የሚበላው። እንጀራ ላይ እርሾ ነስንሳችሁ ብትጠብቁ የምታገኙት ሽታ ነው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም የሚባል ነገር ያስፈልጋል፤ ፋብሪካዎች በጣሳ ይገዙታል፣ እናንተ ብቅል አላችሁ። የበቀለ ገብስ ውስጥ ያው ኢንዛይም አለ።

እንጀራውንና ዳቦውን ፈርፍሩት። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ እርሾው ቅር አይለውም፣ ብቅሉ ግን በጣም የኮመጠጠ ነገር ውስጥ ይዳከማል። ሙቅ ውሃ አድርጉበትና አቡኩት። ሙቀቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይሁን፤ ቴርሞሜትር ግዙ፣ በጣት አይለካም። ከፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል። የብቅል ዱቄት ጨምሩና ሸፍናችሁ አቆዩት። እንደ ገንፎ ወፍሮ የነበረው ነገር ዐይናችሁ እያየ ይቀጥናል። ማንኪያው ይቀላል። ስትቀምሱት፣ ትራፊው ያልሻገተ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ይጣፍጣል። ስታርቹ ማለቁን ለማወቅ ከፋርማሲ አዮዲን ግዙ። ሰሃን ላይ ከድፍድፉ ትንሽ ጠብ አድርጉ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ። ከጠቆረ ስታርች አለ፤ አዮዲኑ በራሱ ቀለም ቡናማ ሆኖ ከቀረ አልቋል።

ከዚያ ማቀዝቀዝ። ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ የዳቦ እርሾውን ጨምሩበት። ከዚያ 25 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገልብጡት፣ ከላይ ክፍት ቦታ ተዉለት። ክዳኑን በስታችሁ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገቡ፣ ዙሪያውን ድፈኑት። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ በውሃው በኩል እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ጀሪካን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሰው ቤቱ ውስጥ ፈንጂ አስቀምጧል። ሃይላንዱ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይንቦቀቦቃል፣ ሲቆይ ይዘገያል፣ ሲያልቅ ዝም ይላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጀሪካኑን ብርድ ልብስ ካላለበሳችሁት እርሾው ይተኛል፣ በሱ ፋንታ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ይነሳሉ። ኮምጣጤ እንጂ ነዳጅ አታገኙም።

ቤቱ መስኮት ይኑረው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። አንድ ሁለት ጀሪካን ምንም አይደለም። ብዙ በርሜል ምድር ቤት ውስጥ የሚደረድር ግን ሰው ይገድላል።

እስከዚህ የሠራነው ሁሉ ቀላሉ ነበር። አሁን እሳቱ።

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ ነው። እርሾ በራሱ አልኮል ይሰክራል፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ሲደርስ ይቆማል። እናንተ ደግሞ ውሃ ሳትሰስቱ አፍሳችሁ ከሆነ 5 በመቶ ነው ያለው። 20 ሊትር ድፍድፍ ውስጥ 1 ሊትር አልኮል። ያን 1 ሊትር ለማውጣት 20ውን ሊትር ታሞቃላችሁ። ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ለማድረስ 6 ሜጋጁል (ሜጋጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይጠይቃል። በተራ በርሜል ስታወጡ ደግሞ አልኮሉ ለብቻው አይወጣም፣ ውሃም አብሮ ይተናል። ሲሶውን ብታተኑት ሌላ 14 ሜጋጁል። በድምሩ 20። አንድ ሊትር ኤታኖል ውስጥ ያለው ጉልበት ስንት ነው? 21 ሜጋጁል።

ገና አልጨረስኩም። 20ው ሜጋጁል በርሜሉ ውስጥ የገባው ሙቀት ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት አብዛኛውን ሙቀት ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ከመቶ 15 እጁ በርሜሉ ጋ ከደረሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ ወደ 130 ሜጋጁል የሚሆን እንጨት አንድዳችኋል። ከ8 ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት። ለአንድ ሊትር! ያ እንጨት በራሱ ስንት ቀን ቡና ያፈላ ነበር? ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቡ። በቪዲዮው ላይ የተቆረጠው ይህ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ልናገር። ይህ ኪሳራ ይቀንሳል፣ በጣም ይቀንሳል። መጀመሪያ በውሃው። ለ10 ኪሎ እንጀራ 20 ሊትር ውሃ ከምታፈሱ 8 ሊትር ብቻ ብታደርጉ፣ ድፍድፉ 9 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ብቅሉ እያቀጠነ ስለሚሄድ አትፍሩ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው የሚከብደው። በዚህ ብቻ የሚሞቀው ነገር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቀጥሎ ምድጃው። ዙሪያው በጭቃ ወይም በሸክላ የተዘጋ፣ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሙቀቱን እጥፍ ያህል ለበርሜሉ ያደርሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ከ8 ኪሎ ወደ 2 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ሌላ ምንም መሣሪያ ሳይገዛ።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ነው። እንፋሎቱን የምታቀዘቅዙበት ውሃ ይሞቃል፣ ከዚያ ይደፋል። ለምን ይደፋል? በውሃው ፋንታ ቀጣዩን ቀዝቃዛ ድፍድፍ በዚያ በኩል አሳልፉት። እንፋሎቱን ያቀዘቅዛል፣ ራሱ ይሞቃል። ፋብሪካዎች እንደዚህ ነው የሚሠሩት። ትንሽ ብየዳ የሚችል ልጅ ይሠራዋል። ድፍድፉን ግን አጥልሉት፤ ወፍራሙ ከሥር ይይዛል፣ ያርራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዚህ ከፍታ የሚሆን። መጽሐፍ ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። እዚህ አልኮል በ72 አካባቢ፣ ውሃ በ93 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የመጽሐፉን 78 እዚህ አትያዙት።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ የሚለውን በደንብ የሚመልሰው ግን ባዮጋዝ፣ ማለትም ከሚበሰብስ ነገር የሚወጣው የሚነድ ጋዝ ነው። ቅድም የወጥ ትራፊ ሌላ ቦታ አለው ያልኳችሁ እሱ ነው። ጎመኑ፣ ልጣጩ፣ ወጥ የነካው ሁሉ ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ይግባ። አልኮል ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭም ይግባ። ባዮጋዝ ውሃ አይጠላም። ጋዙ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ይወጣል፣ ማንም አያሞቀውም። ያንን ጋዝ በበርሜሉ ሥር አንድዱት። እንግዲህ "ጋዙ ካለ አልኮሉ ለምን?" የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው፤ እኔም ለአንድ ግቢ፣ ለአንድ ቤተሰብ ባዮጋዝ ብቻ ነው የምመክረው። የአንድ ቤት ትራፊ ለኤታኖል አይበቃም፣ ተቀላቅሎም ነው የሚመጣው። ኤታኖል የሚያዋጣው ስታርችና ስኳር ብቻውን በብዛት በሚገኝበት ቦታ ነው፤ ዳቦ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ መመገቢያ፣ ጭማቂ ቤቶች፣ አትክልት ተራ። ጋዝ በጀሪካን አይሸጥም፣ አልኮል ግን ይሸጣል። ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው።

ለማን ይሸጣል? ለመኪና የምትሉ አላችሁ። አገራችን ሞክራዋለች። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (የስኳር ተረፈ ምርት) የተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ቤንዚን ላይ መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ለቤንዚን የሚቀላቀል አልኮል ግን ደረቅ መሆን አለበት። በማፍላት ብቻ ከ95 በመቶ ብዙ አይዘልም፤ የቀረችውን ውሃ ለማውጣት ዚዮላይት የሚባል ውሃ የሚመጥ ማዕድን ያስፈልጋል። ውሃ ካለበት ቤንዚኑና አልኮሉ ይለያያሉ። በሊትርም ቢሆን ኤታኖል የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ጉልበት ነው ያለው። ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በበርሜል አልኮል ያውም በትራፊ እንጀራ የመኪና ገበያ ማለም፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ምድጃ ግን ሌላ ነው። የአልኮል ምድጃ ትንሽ ውሃ ቢኖርበት አይከፋውም። ጋያ የተባለው ማኅበር በጅጅጋ አካባቢ ቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ለዓመታት የኤታኖል ምድጃ አሠራጭቷል። አዲስ አበባም ከቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ጋር ሠርቷል። ጭስ የለውም፣ ጥላሸት የለውም። ከአንድ ሊትር ግማሹ ጉልበት ድስቱ ጋ ቢደርስ እንኳ ሁለት ሊትር ውሃ ከ15 ጊዜ በላይ ያፈላል። እንጀራ አይጋገርበትም፣ ያ የምጣድ ሥራ ነው። ለሽሮ፣ ለቡና፣ መብራት ለጠፋበት ምሽት ግን በቂ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሰል የምታቀጣጥሉ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አደጋውን ሳልናገር አልወርድም። የኤታኖል ነበልባል ቀን ላይ አይታይም። የጠፋ መስሏችሁ አልኮል የምትጨምሩበት ምድጃ ፊታችሁን ይለበልባል። ምድጃው ሳይቀዘቅዝ በፍጹም አይሞላም። በርሜሉ ሥር እሳት እየነደደ አልኮሉን እዚያው አጠገብ የሚያጠራቅም ሰው ቱቦው ያፈተለከ ቀን ቤቱን ያጣል።

ሌላው ከባድ ነው። የፍራፍሬ ልጣጭ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ፣ ከሱ ሜታኖል የሚባል ሌላ ዓይነት አልኮል ይወጣል። ሜታኖል ያውራል፣ ይገድላል። ምድጃ ላይ ሲነድ ችግር የለውም፤ አንድ ሰው ግን "ያው አልኮል ነው" ብሎ ቢቀምሰው... ስለዚህ የነዳጅ አልኮል የወጣበት ቀን ወዲያው እንዳይጠጣ መራራ ነገርና ቀለም ይጨመርበት፣ ከመጠጥ ዕቃ ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ። አልኮል ማምረት ፈቃድና ቀረጥ ያለበት ሥራ መሆኑንም አትርሱ።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሦስቱን ልጻፍ።

አንዲት እናት "ልጄ፣ እኔ የማወጣው ዳግም አረቄ ምድጃው ላይ ይነዳል ወይ?" አሉኝ። እማማ፣ ክብሪት ቢለኩሱበት ይያዛል፤ ግማሹ ያህል ውሃ ስለሆነ ግን ምድጃው ላይ ደክሞ ይጠፋል። ለምድጃ ወደ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ለዚያ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ከሚያነዱ፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃው እየተንጠባጠበ የሚመለስበት ረጅም ቱቦ በርሜሉ ላይ ይተከል፤ ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ወይም ንጹሕ ጠጠር ይሙሉበት። አንዴ ነድዶ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ያህል ያጠራል። ማገዶዎም ይተርፋል።

አንድ ወጣት "መጀመሪያ የቱን መሣሪያ እንግዛ?" አለ። ምንም አትግዙ። መጀመሪያ አሥር ዳቦ ቤት ዙሩና የሚጥሉትን በኪሎ መዝግቡ፤ ማን እንደሚወስደውም ጠይቁ። ሰው ወይም ከብት የሚበላው ከሆነ ተዉት። ከዚያ የሚቀረውን ስታውቁ የበርሜላችሁን ልክ ታውቃላችሁ። ብዙ ማኅበር መጀመሪያ ማሽን ገዝቶ በኋላ ትራፊ ፍለጋ ይዞራል።

የመጨረሻውን የጠየቁት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላሞች ያሏቸው አባት ናቸው። "አልኮሉን እናንተ ውሰዱ፣ አተላውን ለኔ ላሞች ስጡኝ" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የአረቄ አተላ ለከብት ሲሰጥ ኖሯል። አባባ፣ ካልሻገተ ዳቦ የወጣውን ይውሰዱ፣ አብርደው ከድርቆሽና ከፋጉሎ ጋር እየቀላቀሉ ይስጡ። ከሻገተው የወጣውን ግን አልሰጥዎትም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ሲፈላ አይጠፋም፣ ከአልኮሉ ጋርም አይወጣም፤ አተላው ውስጥ ይቀራል። ስታርቹ ተበልቶ ስላለቀ ደግሞ በደረቁ ሲሰላ ከበፊቱ እስከ ሦስት እጥፍ ይጠነክራል። ላሟ ስትበላው ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ልጅ ነው። እሳቸው "ታዲያ ሁለቱን በአንድ በርሜል አታውጡ፣ በኋላ ማን ይለየዋል" አሉ። ልክ ናቸው። ከዚህ የሚነሳ ማኅበር ካለ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት በርሜል ይያዝ፤ የሻገተው የሚገባበት ቀይ ቀለም ይቀባ፣ አተላውም በቀጥታ ወደ ባዮጋዙ ጉድጓድ ይሂድ።